ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ፦ አንድ የመጀመሪያ አልበም ከወይጦ ሲደመጥ

(በወይጦ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ወደዚህ አዳራሽ ስገባ አንድ አባት በር ላይ አገኙኝና «የዛሬው ስብሰባ ስለ ክትባት ነው ወይስ ስለ ግብር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ ዘፈን ካሴት ነው ብዬ ስመልስላቸው ሳቁ፤ ሆኖም ተመልሰው አልሄዱም፤ ይኸው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ለእርሳቸውም ለእናንተም አስቀድሜ ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ፤ እኔ የሥነ ልሳን መምህር ነኝ እንጂ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ዘፈን የምናገረው ስለ ፊደልና ስለ ቋንቋ በማውቀው በኩል ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። አንድ ድምፃዊ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሕዝብ በምን ምክንያት ይቀበለዋል? በምንስ ምክንያት ይተወዋል? ምሳሌ አድርጌ የያዝሁት ቴዎድሮስ ካሳሁን፣ በብዙዎቻችን አጠራር ቴዲ አፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን «አቡጊዳ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበም ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አልበሙ ወደዚህ ስፍራ ሲገባ በዐይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው የራሴን ስሕተት የሚመለከት ስለሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በዚያን ጊዜ በዚህ አካባቢ የማስተምር ወጣት መምህር ነበርሁ። ለቤቴ መብራት አልነበረኝም። የነበረኝ በስድስት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍርና ይጎተት ጀመር፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን። የወይጦን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ለሌላው ነገር ብናማርራትም ለባትሪ ግን ባለውለታችን ነበረች። ለካሴት ደግሞ ጠላት ናት። መኪና መስታወት ሥር የተረሳ ካሴት ተጣሞ ይገኛል፤ ክሩ የተጠላለፈውን በቢክ እስክሪብቶ እያዞርን እናስተካክል ነበር።

አዲስ ካሴት የሚደርሰን በሾፌሮችና በረዳቶች እጅ ነበር። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በኮንሶ አድርጎ ወደ ጂንካ የሚያልፍ የጭነት መኪና እዚህ ለሻይ ይቆማል፤ የመኪናው በር ተከፍቶ ዘፈኑ ይለቀቃል፤ እኛም ከሻይ ቤቱ ሆነን እናዳምጣለን። አንድ ቀን አንድ ረዳት በኪሱ የያዘውን ካሴት ሸጠልኝ። ሽፋን የለውም፤ የዘፋኙ ፎቶግራፍ የለበትም፤ በእስክሪብቶ «አቡጊዳ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ነበር። ዘፋኙ ከእኔ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አላገኘም ማለት ነው። ይህን በዋዛ አልናገረውም፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ቴፑን ትምህርት ቤት ይዤው በሄድሁ በሳምንቱ፣ በክፍል ውስጥ አንዲት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አሟልተው ለመናገር የሚቸገሩ ልጆች የዘፈኑን ስንኞች ሳያዛንፉ ሲሉ ሰማኋቸው። የአፍ መፍቻቸው ፀማይኛ ነው፤ የሌሎቹ ሐመርኛ ነው። እኔ በጠመኔ ያላስቻልኋቸውን አንድ ካሴት አስቻላቸው። ቅናት አልተሰማኝም ብል እዋሻለሁ። ከመካከላቸው አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ አቡጊዳ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ሀሁ ነው፤ አቡጊዳ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የለም። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

የነገሬ መሠረት እዚህ ላይ ስለሆነ ለዚያ ልጅ የሰጠሁትን ማብራሪያ ለእናንተም ልድገመው። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ መጀመሪያ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ ፊደሉን በየቤቱ ይቆጥራል። ብዙ ሲደጋግመው ዐይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። ታዲያ መምህሩ ይጠራጠራል፤ ይህ ልጅ ፊደሉን ለይቶ ዐውቆታል ወይስ ዜማውን ብቻ ሸምድዶታል? ስለዚህ ፊደሉን ያዘበራርቅበታል። አ ከግእዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ ይወሰድና «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ይሆናል። በዚህ ውስጥ አንድም አዲስ ፊደል የለም። ሁሉም በሀሁ ውስጥ የነበሩ ናቸው። አዲሱ ቅደም ተከተላቸው ነው። ሸምዳጁ እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ ዐዋቂው ይቀጥላል። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምረው ለሚጽፉ የዓለም ፊደላት በሙሉ መጠሪያ ያደረጉት ይህንኑ የእኛን ቃል ነው። የህንድ ፊደላት ሳይቀሩ ዛሬ በሊቃውንት መጻሕፍት «አቡጊዳ» ተብለው ይጠራሉ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የተሳካ የመጀመሪያ አልበም አቡጊዳ እንጂ ሀሁ አይደለም። አድማጩ እያንዳንዱን ፊደል ያውቀዋል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ግን ሰምቶት አያውቅም። ሀሁን እንደነበረ የሚደግምለትን ዘፋኝ «ይህንማ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ከማያውቀው ፊደል ብቻ የሚጽፍለትን ደግሞ ማንበብ አይችልም።

በቴዎድሮስ ካሳሁን ሥራ የታወቁት ፊደላት የትኞቹ ናቸው? አንደኛው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው፤ የአማርኛ ዘፈን የለመደ ጆሮ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ መልካቸውን ይለያል። ሁለተኛው የቤት ውርስ ነው፤ አባቱ ካሳሁን ገርማሞ በግጥምና በዜማ ድርሰት የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጁም የራሱን ግጥምና ዜማ የሚደርስ ዘፋኝ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ሬጌ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልን ብንቆጥር በሬጌ ጊታሩ ጠበቅ አድርጎ የሚመታው ሁለተኛውንና አራተኛውን ነው፤ እግር በአንደኛው ላይ ሊያርፍ ሲል ሙዚቃው ያዘገየዋል። ይህ ምት ከጃማይካ ይምጣ እንጂ ለእኛ ባዕድ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ መሬት የሰጧቸው ራስ ተፈሪያውያን ሻሸመኔ ሰፍረዋል፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ከሚያመጡት መንገዶች አንዱ ደግሞ በሻሸመኔ በኩል ያልፋል። ካሴቱን ይዞልን የመጣው መኪና የሬጌን ሰፈር አቋርጦ ነው የመጣው ብል ከእውነት አልራቅሁም። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ያደረገው እነዚህን ሁሉም የሚያውቃቸውን ነገሮች በራሱ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። ለአልበሙ የሰጠው ስም ሆን ብሎ ይህን ለማለት ይሁን አይሁን አልከራከርም፤ ስሙ ግን ሥራውን በትክክል ገልጾታል።

«አንድ ጥሩ ዘፈን አይበቃም ወይ? አልበም ለምን ያስፈልጋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለዚህ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ክልከላውን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ታላላቅ ድምፃውያን በእርሱ በኩል ወጡ። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ፣ በሌላው ገጽ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ዘፈን ነው የምትይዘው። ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሁለቱን የካሴት ገጾች ለመሙላት ዐሥርና ከዚያ በላይ ዘፈን ያስፈልጋል። ሁለት ዘፈን በዕድል ሊሳካ ይችላል፤ ዐሥር ዘፈን ግን ዘፋኙ ምን ያህል ፊደል እንደሚያውቅ ያጋልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያ ካሴት ፈተና ሆነ።

አሠራሩም ብዙ ሰው የሚጠይቅ ነው። ግጥም ደራሲ አለ፤ ዜማ ደራሲ አለ፤ አቀናባሪ አለ፤ መሣሪያ ተጫዋቾች አሉ፤ ድምፁን የሚያመዛዝን ባለሙያ አለ። በማሌና በኣሪ የቀርከሃ ዋሽንት ሲነፋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እያንዳንዱ ነፊ የያዛት ዋሽንት አንዲት ድምፅ ብቻ ናት የምትሰጠው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራቸው ሲነፉ ነው። አልበምም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ከሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የአንዱ ፊት ብቻ መሆኑ ነው። ዘፋኙ ይህን ሁሉ ካሰናዳ በኋላ በካሴት ዘመን በአብዛኛው ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ አባዝቶ፣ እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ገበያ ላይ ያውለዋል። ከዚያ ወዲያ ካሴቱ ቢወደድ ትርፉ የሙዚቃ ቤቱና የገልባጩ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው «አቡጊዳ» ከተሰማ በኋላ ነው። አዋጁ የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የከዋኙንና የድምፅ ቀረጻ አዘጋጁን መብትም ያውቃል። እኔ ከረዳቱ የገዛኋት ካሴት ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ አንዲት ናሙና ናት።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2001 ሌላ አልበም ወጥቶ ነበር፤ ልዩነቱን ለማየት ይጠቅመናል። የቻግኒዋ ተወላጅ እጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» የተሰኘውን አልበሟን ፓልም ፒክቸርስ በተባለ ድርጅት በኩል ለዓለም አቀረበች። ከዚያ በፊት የሠራቻቸው ስላሉ በጥብቁ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ለውጭው አድማጭ ግን የመተዋወቂያዋ ነው። ቢል ላስዌል አዘጋጅቶት፣ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። የቴዎድሮስ አድማጭ ቅኝቱን ያውቃል፤ ግጥሙን ይረዳል። የጂጂ የውጭ አድማጭ ግጥሙን አይረዳም፤ ጃዙን ግን ያውቀዋል። ስለዚህ እርሷ ወደማያውቀው የምትወስደው በሚያውቀው በኩል ነበር። መንገዱ ቢለያይም ዘዴው ያው ነው። በእኔ ጆሮ የጂጂ አልበም ይበልጥብኛል፤ ይህ የግል ፍርዴ ነው፤ የወይጦ ሻይ ቤቶች ግን በዚያን ጊዜ ከእኔ ጋር አልተስማሙም።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልግባ።

ከዓመታት በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ከዚሁ አካባቢ ያደገ የፀማይ ልጅ፣ ጂንካ ድረስ መጥቶ ቤቴን አንኳኳ። ድምፁ ያማረ መሆኑን ከልጅነቱ ዐውቃለሁ። «መምህር፣ አልበም ልሠራ ነው፤ አባቴ ከብት ሊሸጥልኝ ፈቅዷል፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። ከብት መሸጥ በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም፤ ጥሎሽ ነው፣ ክብር ነው፣ የክፉ ቀን መሸሸጊያ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ዶክተር ተብዬ ነበር። «በአማርኛ ሥራው፤ አገር ሁሉ እንዲሰማህ። እንደ እነ ቴዲ አድርገው» አልሁት። ምክሬ ይኸው ነበር። እርሱም ታዛዥ ተማሪ ነበርና እንዳልሁት አደረገ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ አመጣልኝ። ጂንካ አንድ ምግብ ቤት አብረን ገብተን አስተናጋጁን እንዲከፍትልን ለመንነው። ቅንብሩ ንጹሕ ነው፤ አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ድምፁ ያምራል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ዘወር ብሎ «ይሄ የማንን ዘፈን እያስመሰለ ነው?» ሲል ጓደኛውን ጠየቀው። ጓደኛው የሦስት ዘፋኞች ስም ጠራ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ሂሳብ ልከፍል ስል እርሱ ቀድሞኝ ከፈለ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። አልበሙ አልተሸጠም። ከብቶቹም አልተመለሱም።

ያደረግሁት ይህ ነበር፤ የሌላውን ሰው አቡጊዳ ለእርሱ ሀሁ አድርጌ አስሸመደድሁት። ቴዎድሮስ የደረደራቸው ፊደላት ከቤቱና ከሰፈሩ የለቀማቸው ናቸው። የእኔ ተማሪ የራሱ ፊደላት ነበሩት፤ ከብት ሲያግድ የሚያንጎራጉረው፣ በማታ ጭፈራ እግር መሬት ሲመታ የሚወጣው ምት፣ አንዱ ጀምሮ ሌሎቹ የሚቀበሉት ድምፅ፣ በሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ላይ የሚሰማው የባናና የፀማይ ጨዋታ፣ ከዚህም ጋር ከጭነት መኪና የሰማው አማርኛና ሬጌ። እኔ ከዚህ ሁሉ የመጨረሻውን ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ጣል አልሁት። የቋንቋ መምህር ሆኜ እንዲህ ማለቴ ይበልጥ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም በዚሁ በወይጦ ወንዝ ዳር ኦንጎታ የተባለውን ቋንቋ ዛሬ የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች ብቻ መሆናቸውን፣ የቀሩት ወደ ፀማይኛ እንደዞሩ በክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ፀማይኛ ራሱ በተራው ምን እንደሚጠብቀው ለማሰብ ግን ያ ልጅ ቤቴን እስኪያንኳኳ፣ ብሎም ከስሮ እስኪመለስ ድረስ አልተነሣሁም።

ይህን ስል አማርኛ አትዝፈኑ ማለቴ አይደለም። እንዲያ ያለውን ምክር ሰምታችሁ ከሆነ ከእኔ አልሰማችሁም። እኔም አማርኛ እያስተማርሁ እንጀራዬን በልቻለሁ። ደግሞም በራስ ቋንቋ መዝፈን ብቻውን አልበም አያሳካም፤ በራስ ቋንቋ የተሠራ ደካማ ቅጂም ሞልቷል።

ዛሬ የማስተላለፊያው መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ በኮምፒውተር የተሠራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ቤት ድምፅ ጋር ነበር ያጋባው። የጭፈራ ቤት ሙዚቃ አጫዋች ሆኖ የሠራ ሰው ስለነበር ለወጣቱ እግር የትኛው ምት እንደሚስማማው ከቀድሞው ያውቅ ነበር፤ እንደገና የታወቀ ፊደል፣ እንደገና አዲስ ቅደም ተከተል። ያ አልበም እዚህ የደረሰው በረዳት ኪስ አይደለም፤ በፍላሽ፣ በስልክ ሚሞሪና በቴሌግራም ነው። ቴዎድሮስ ካሳሁን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ኢትዮጵያ» በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኗል፤ በእስክሪብቶ ስሙ ከተጻፈበት ካሴት እዚያ ድረስ ያለው ርቀት ለእኔ ትውልድ ያስደንቃል። ስልክ ግን ከጭነት መኪናው አንድ ብልጫ አለው። መኪናው ወደ ጂንካ ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ጥጥና ከብት ይጭናል እንጂ ዘፈን አይጭንም ነበር። ስልክ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይጭናል።

ያ ተማሪዬ ሥራውን አልተወም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የአካባቢውን ዜማ ከአዛውንቶች እየቀረጸ በፀማይኛ፣ አዝማቹን አንዳንዴ በአማርኛ እያደረገ፣ አዲስ አልበም ሲያሰናዳ ቆይቷል። በዚህኛው እኔ የተጠየቅሁት ስለ ዘፈኑ አይደለም። አንዲት እናታችን የልጅነት ዜማቸውን ካንጎራጎሩለት በኋላ «ስሜ ይጻፋል ወይ? ገንዘብ ሲመጣስ?» ብለው ጠየቁት፤ መልሱን ስላላወቀ እኔ ዘንድ ይዞት መጣ። የማኅበረሰብ ዜማ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ዜማውን የሸመነው ሕዝብ ነው። በዚያች ቀን የተቀረጸው ድምፅ ግን የእርሳቸው ነው፤ ከዋኝ ናቸው። ስለዚህ ከመቀረጹ በፊት ፈቃድ፣ ከወጣ በኋላ ስም፣ ገቢ ከተገኘ ድርሻ እንዲኖራቸው ተስማምተው በወረቀት እንዲያሰፍሩት ነገርኋቸው። ወረቀቱን በፀማይኛ አስነብበን ነው ጣታቸውን ያሳረፉት። ዜማቸው ሲሸጥ ስማቸው ከማይጠራ ሰዎች ተራ እንዳይገቡ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ለጊዜው አላገኘሁም።

እናታችን ዛሬ ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ልጁም ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሟል። አልበሙ ገና አልወጣም፤ ይሳካል ብዬ ልተነብይላችሁ አልችልም፤ በዚህ ጉዳይ የእኔ ትንቢት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሰምታችኋል። የመጀመሪያውን ዘፈን ግን አሁን እንድናዳምጥ ፈቅደውልናል። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ነው። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ በሩን ዝጉልን፤ ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።